«ፔይን ትክክል ነው» ለሚለው ወንድሜ ምን ልመልስለት?

የሐረጎ መንገደኛ

ሰላም ለሁላችሁ። ናሩቶ ሺፑደን የሚባለውን የጃፓን ካርቱን (አኒሜ) የጨረሳችሁ እስቲ እርዱኝ። ታናሽ ወንድሜ አሥረኛ ክፍል ነው። ፔይን (እውነተኛ ስሙ ናጋቶ ነው) የዋናውን ባለታሪክ የናሩቶን መንደር ኮኖሃን የሚወርበትን ታሪክ ከጓደኛው በፍላሽ አስገልብጦ አይቶ ጨረሰ። ከዚያ ወዲህ እራት ላይ ሌላ ወሬ የለም። «ፔይን ትክክል ነው። ናሩቶ መልስ አልነበረውም። ናጋቶ እጁን መስጠት አልነበረበትም» ይላል።

እኔ የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። በደንብ ልመልስለት ብዬ ሐረጎን ስወርድና ስወጣ ሚኒባስ ውስጥ ስልኬ ላይ ደግሜ አየሁት። ደግሜ ሳየው ጭራሽ ጥያቄው ከበደኝ።

ናጋቶን አስቡት። አገሩ ዝናብ የማያባራባት ትንሽ አገር ናት። በእሳት፣ በነፋስና በምድር አገሮች መሃል ተቀርቅራለች። ትልልቆቹ ሲጣሉ የሚዋጉት እሷ ሜዳ ላይ ነው። የኮኖሃ ኒንጃዎች ርቧቸው ምግብ ፍለጋ እነ ናጋቶ ቤት ገቡ። አባትና እናቱን የጠላት ወታደር መስለዋቸው ልጁ እያየ ገደሏቸው። ከዚያ እንደሱ ወላጅ አልባ ከሆኑት ልጆች ከያሂኮና ከኮናን ጋር ሆነ። ያሂኮ አድጎ አካትሱኪ የሚባለውን ቡድን ያቋቋመው ሰላም ለማምጣት ነበር። የአገራቸው ገዢ ሃንዞ ግን ከኮኖሃው ሹም ከዳንዞ ጋር ተመሳጥሮ ኮናንን ያዘና ናጋቶን «ያሂኮን ግደል» አለው። ያሂኮ ራሱ ሮጦ ናጋቶ የያዘው ኩናይ (ጩቤ) ላይ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ናጋቶ የጓደኛውን ሬሳ እያንቀሳቀሰ ነው በዓለም ፊት «ፔይን» የሆነው።

ወንድሜ የተያዘው እዚህ ላይ ነው። ለምን እንደሆነም አውቃለሁ። በ2013 ክረምት መጨረሻ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ሰዎች ደሴ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠልለው ነበር። እናታችን እንጀራ እያስያዘች የምትልከው እሱን ነው፤ ገና ልጅ ነበር። ጥቅምት 2014 ላይ ደግሞ ጦርነቱ ደሴ ደረሰና እኛው ራሳችን ቤታችንን ዘግተን ወጣን። ስንመለስ ቤቱ ባዶ ነው። ስለዚህ «ካርቱን ነው፣ ተወው» ልለው አልችልም። ልቡ በበቀል እንዲያድግም አልፈልግም። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉታላችሁ?

የጂራያ ተማሪ

ምንም የሚከብድ ነገር የለውም። ሦስት ዓመት ሙሉ ያስተማረውን መምህሩን ጂራያን፣ የናሩቶንም መምህር፣ የገደለ ሰው እንዴት ትክክል ይሆናል? የጂራያ ጓደኛ ኦሮቺማሩ እኮ «እነዚህ ልጆች ከሚሰቃዩ እንግደላቸው» ብሎ ነበር። ጂራያ ነው እምቢ ብሎ ጓደኞቹን ሸኝቶ እዚያው ዝናብ ውስጥ የቀረው። ውለታው ይሄ ነው? ደግሞ ኮኖሃን ሺንራ ቴንሴይ በሚባለው ኃይሉ በአንድ ምት ጉድጓድ ሲያደርጋት ከነናጋቶ ወላጆች ሞት ጋር ምንም የማይገናኙ ሕፃናት ነበሩባት። ማዘን ሌላ፣ ትክክል ማለት ሌላ። ለወንድምህ ቁርጡን ንገረው።

ወረቀት አበባ

እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። አኒሜውንም አይቻለሁ፣ ማንጋውንም (የሥዕል መጽሐፉን) አንብቤያለሁ። ኮናንን በጣም ስለምወዳት ይህን ታሪክ ብዙ አስቤበታለሁ።

ወንድሜ፣ ታናሽህ አንድ ነገር ላይ ልክ ነው። ናሩቶ በእርግጥ መልስ አልነበረውም። ናጋቶ «ሰላም እንዴት ይመጣል?» ብሎ ሲጠይቀው የተዘጋጀ ሐሳብ አላቀረበም። ብቻውን ነው የሄደው። የመምህሩን ገዳይ ፊት ለፊት ሲያየው ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ፈልጎ ነው። ሊገድለው ይፈልጋል፤ ይጠላዋል፤ ይህንንም አልደበቀም። ግን አልገደለውም። ናጋቶን የሰበረው ይሄ ይመስለኛል። የእሱ ቁስል ያለበት ሰው፣ በዚያው ቀን፣ እሱ የሄደበትን መንገድ ሳይሄድ ሲቀር አየ። የጂራያ የመጀመሪያ መጽሐፍም አለ። ጂራያ ያን መጽሐፍ የጻፈው ናጋቶ ልጅ እያለ በነገረው ቃል ተነሥቶ ነው። የባለታሪኩ ስም ደግሞ ናሩቶ! ናጋቶ ድሮ ራሱ ያመነው ነገር ነው ተመልሶ የመጣበት።

ይልቅ ወንድምህን ስለ ዳንዞ ጠይቀው። ያሂኮን ካስገደሉት አንዱ እሱ ነው። ፔይን ኮኖሃን ሲያወድማት ዳንዞ የት ነበር? ከሰዎቹ ጋር ምድር ውስጥ ተደብቆ። ናሩቶን ለመጥራት የታሰበችውን መልእክተኛ እንቁራሪት እንኳ ያስገደላት እሱ ነው። የኮኖሃ መሪ (ሆካጌ) ሱናዴ ራሷን ስታ ስትወድቅ የሆካጌውን ወንበር የያዘው ማነው? ዳንዞ። ያ ሁሉ ጥፋት ጥፋተኛውን አልነካውም፤ ጭራሽ ሾመው። ቤቱ የፈረሰበት ራመን ሻጩ ነው።

ሁለተኛ፣ የናጋቶን ዕቅድ ይመልከት። የጭራ አውሬ የሚባሉትን ኃይለኛ ፍጡራን ሰብስቦ አገር የሚያጠፋ መሣሪያ ሊሠራ ነው። ሰው አንዴ ሲቀምሰው ፈርቶ ጦርነት ይተዋል። ዘመን ሲያልፍ ሕመሙን ይረሳል፣ ያን ጊዜ እንደገና ይተኮሳል። እሺ፣ የሚያርፈው የት ነው? አንድ ቤት ላይ ነው። እዚያ ቤት እንደ ናጋቶ ያለ ልጅ ይተርፋል።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ናጋቶ ሕይወቱን ሰጥቶ በጥቃቱ የሞቱትን የኮኖሃ ሰዎች አስነሣ። ያሂኮ አልተነሣም። እናትና አባቱም አልተነሡም። ኮናን የሁለቱን ጓደኞቿን አስከሬን ይዛ ለናሩቶ የወረቀት አበባ ሰጥታው ሄደች። እሷ አበባ ሰጠች፤ ከኮኖሃ በኩል ግን የነናጋቶ መንደር አሜጋኩሬ ድረስ ሄዶ «በድለናችኋል» ያለ ሰው አላየሁም። ደራሲው ኪሺሞቶ 700 ምዕራፍ ሲጽፍ ለዚህ ቦታ ሊያገኝለት ይገባ ነበር። እዚህ ላይ ከታናሽህ ጋር ነኝ።

የሐረጎ መንገደኛ

እግዜር ይስጥሽ እህቴ። ትናንት ማታ ስለ ዳንዞ ጠየቅሁት። ብዙ ዝም አለና «ታዲያ ዳንዞን ማን ይጠይቀው?» አለኝ። እኔም የምለው አጣሁ። የናሩቶ ጓደኛ ሳስኬ በኋላ ገድሎታል፣ እሱ ግን ለራሱ ቤተሰብ ቂም ነው፤ ስለ ያሂኮ ያነሣ የለም። ሳስኬ ራሱም ኮኖሃን ላጥፋ ብሎ የተነሣ ነው።

የጂራያ ተማሪ፣ አንተንም ሰምቼሃለሁ። ግን ቁርጡን ብነግረው እኔን ማናገር ያቆማል።

መምህር ዘጦሳ

በዕድሜ ከእናንተ ገፋ ያልኩ ነኝ፣ ደሴ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ ደብተራቸው ላይ የአካትሱኪን ቀይ ደመና ሲስሉ እያየሁ ነው ታሪኩን ከልጆቼ ጋር ማየት የጀመርኩት።

አብሽር ልጄ። ልጁ «ማን ይጠይቀው?» ካለ ፍትሕ ነው የሚፈልገው፤ በቀልና ፍትሕን ገና አልለየም፣ ትልቁም ሰው ሲምታታበት አያለሁ። ናሩቶ ናጋቶ ዘንድ ሄዶ መጀመሪያ ያደረገውን ልብ በል። ታሪኩን አስወራው። ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው ሰማው። አንተ ስለ ናጋቶ ነው የምትጠይቀው። ስለ ጥቅምት 2014 ጠይቀኸው ታውቃለህ? የሸክም መኪና ላይ ምን እንዳየ፣ የትኛው ጓደኛው እንዳልተመለሰ? ብዙ ቤት ይህ ወሬ ተዘግቷል። እኔም ክፍል ውስጥ ልጆቹን ለማስጻፍ ስሞክር መጀመሪያ እምቢ ይላሉ፣ አንዱ ከጀመረ ግን ደወሉ ተደውሎም አይነሡም።

ወረቀት አበባ

መምህር ትክክል ናቸው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ታሪኩ እዚያ አላለቀም። በኋላ በሚመጣው አራተኛው የኒንጃ ጦርነት ናጋቶ ከሞት ተጠርቶ ከሳስኬ ወንድም ከኢታቺ ጋር ይመጣል። ለናሩቶ የመጽሐፍ ምሳሌ ይነግረዋል። ጂራያ የመጀመሪያው ክፍል፣ እሱ ራሱ የተበላሸው ሁለተኛ ክፍል፣ ናሩቶ ሦስተኛው። ወንድምህ ይህን ከናጋቶ አፍ ይስማ። «ናጋቶ ተሸወደ» የሚለው ሐሳቡ እዚያ ይፈተናል።

የሐረጎ መንገደኛ

እሺ መምህር፣ አክብሮቴ ከፍ ያለ ነው። ስለዚያ ጊዜ አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም። እናታችን እንዳትሰማ ብለን ሁላችንም ዝም እንዳልን ነው። እሁድ ሥራ የለኝም፣ ወደ ጦሳ ተራራ ይዤው እወጣለሁ።

ወረቀት አበባ፣ አሁን ያልሽው ክፍል ፍላሹ ላይ የለም። ደሴ ውስጥ የናሩቶን አራተኛ ጦርነት ክፍሎች በሙሉ የሚያስጭን ቤት የምታውቁ ጠቁሙኝ።