መኪና ሲገባ የሚያውቅ የማግኔት ሴንሰር፣ ባትሪ ሳይጨርስ

ቦርከና ማዶ፦
ሰላም ወገን። ኮምቦልቻ ነኝ፤ ስልክና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። አጎቴ የእህል መጋዘን አለው። ማታ መኪና ወደ በሩ ሲጠጋ ጥበቃው ክፍል ውስጥ ደወል እንዲጮህ ይፈልጋል። ጥበቃው ይተኛል ባይ ነው፤ እኔ እንደማየው ግን ሰውየው ዝናብ ሸሽቶ ነው የሚገባው። ካሜራ አይሆነንም፣ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ብረት የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ያዛባል ብዬ ኤስኤስ49ኢ የሚባለውን የሆል ሴንሰር (መግነጢሳዊ መስክን ወደ ቮልቴጅ የሚቀይር) ከአርዱዊኖ ኡኖ፣ ፕሮግራም ከሚጫንባት ትንሽ ሰሌዳ፣ ጋር አገናኘሁት። ማግኔት ሳስጠጋለት ቁጥሩ ይዘላል። ሲኖትራክ አጠገቡ ሲቆም ግን ንቅንቅ የለም። ባትሪው ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ባለ 2000 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው፤ ሁለት ቀን እንኳ አይሞላም። ምን ይሻላል?

ሽቦ በሽቦ፦
ሴንሰሩ ደህና ነው፣ ሒሳቡ ነው እምቢ ያለው። የእኛ አገር መስክ ወደ 36 ማይክሮቴስላ ነው። ያ ሴንሰር ለዚህ የሚሰጥህ ግማሽ ሚሊቮልት ገደማ ነው። ኡኖ መለየት የሚችለው ትንሹ ለውጥ ደግሞ ወደ 5 ሚሊቮልት። መኪናው የሚያመጣው ለውጥ ከዚያም ያነሰ ነው፤ ከየት ይታያል?

ኪውኤምሲ5883ኤል የሚባለውን የኮምፓስ ሴንሰር ፈልግ። በ2 ጋውስ (200 ማይክሮቴስላ) የመለኪያ ክልል ለ1 ማይክሮቴስላ ቁጥሩ 120 ይንቀሳቀሳል። ብዙ ጊዜ ኤችኤምሲ በሚባለው በሌላ ሴንሰር ስም ነው የሚሸጠው፤ በፕሮግራሙ ውስጥ በኤችኤምሲ አድራሻ በ30 ስትጠራው ዝም ካለህ በ13 ጥራው።

ባትሪህን የሚጨርሰው ኡኖው ነው። ቁጭ ብሎ እንኳ ከ40 ሚሊአምፔር በላይ ይወስዳል። ኡኖው ላይ ያለውን ቺፕ፣ ኤትሜጋ328ን፣ ለብቻው በ8 ሜጋኸርዝ አሠራው፤ ሬጉሌተርም፣ የሚበራ ኤልኢዲም አይኑር። በሰከንድ አራቴ ይንቃ፣ ያንብብ፣ ይተኛ። ሴንሰሩንም አብረህ አስተኛው። ተኝተው የሚወስዱት ጥቂት ማይክሮአምፔር ነው።

የጦሳ ልጅ፦
አብሽር ወንድሜ፣ ይሠራል። ደሴ ላይ እኔም ለጋራዥ በር ተመሳሳይ ነገር ሠርቻለሁ። አንድ ነገር ግን ልንገርህ። ኢንተርኔት ላይ ያሉት ፕሮግራሞች ሦስቱን አቅጣጫዎች ደምረው ጠቅላላውን ጥንካሬ ያወዳድራሉ። ለእኛ አይሆንም። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በኢትዮጵያ በኩል ስለሚያልፍ መስኩ እዚህ ተጋድሞ ነው ያለው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ያለው ድርሻ ኢምንት ነው። መኪናው ያንን ቁም ድርሻ ከዜሮ ወደ 2 ማይክሮቴስላ ቢያነሳው ጠቅላላው ከ36 ወደ 36.06 ነው የሚሄደው። ይሄ በሴንሰሩ ሁካታ (ያለ ምክንያት በሚዋዥቀው ንባብ) ውስጥ ይጠፋል። እያንዳንዱን አቅጣጫ ለየብቻው ተከታተል፤ ቁሙን በተለይ።

መነሻ ቁጥሩ ቀስ እያለ ራሱን ያስተካክል፤ የኮምቦልቻ ፀሐይ ንባቡን ታንሸራትተዋለች። መኪና ሲደርስ ግን ማስተካከሉን አቁመው፤ አለዚያ የቆመውን መኪና ይለምደውና ዝም ይላል።

ቦርከና ማዶ፦
ኧረ ተባረኩ! በሩ ራሱ የላሜራ ነው። ሲከፈት አያሳስተውም?

የጦሳ ልጅ፦
በደንብ ያሳስተዋል። ከበሩ ራቅ አድርገህ መንገዱ ዳር በፕላስቲክ ቱቦ ቅበረው፤ አፉን ውኃ እንዳያስገባ በሲሊኮን ድፈነው። የብረት ብሎን አትጠቀም። ገመዱንም ከመብራት መስመር አርቀው።

ሽቦ በሽቦ፦
ባጃጅና ጋሪም ያልፋሉ አይደል? ለውጣቸው ከሲኖው ያንሳል። መጀመሪያ ደወሉን ሳታገናኝ ንባቡን ብቻ መዝግብ፤ ደወሉ የሚጮህበትን ወሰን ከዚያ ታወጣለህ።