በስልክ ምክር የሰጠ ፋርማሲስት በሕግ ይጠየቃል?

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ሕግ ለምታውቁ። ጎንደር፣ አዘዞ የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ማታ ማታ ስልኬ አያርፍም፤ «ልጄ ላምባ ጠጣብኝ፣ ላስመልሰው እንዴ?» ይሉኛል። መልሴ ያው ነው፦ በፍጹም አታስመልሱት፣ ሳንባው ውስጥ ይገባል፤ ዕቃውን ይዛችሁ አሁኑኑ ሐኪም ቤት። ባለቤቴ ግን «አንድ ቀን ፍርድ ቤት ያቆሙሃል» እያለች ታስፈራራኛለች።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2031 የሙያውን ደንብ ያልጠበቀ ባለሙያን ኃላፊ ያደርጋል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 575 ደግሞ መርዳት እየቻለ ነፍሱ አደጋ ላይ ያለን ሰው ሆን ብሎ የተወውን ይቀጣል። ብናገርም ጣጣ፣ ዝም ብልም ጣጣ! ታማሚውን ሳላይ፣ በነፃና በቅን ልቦና ለሰጠሁት ምክር ከለላ የሚሆን ድንጋጌ አለ? ጥሪዎቹን በደብተር መመዝገቤስ በማስረጃነት ይጠቅመኛል? ጠበቆች፣ እባካችሁ አንቀጹን ጠቁሙኝ።