ቶፖ ካርታው ከጂፒኤስ ነጥቦቼ ከ220 ሜትር በላይ ይርቃል፤ አርኤምኤሱ (የነጥቦቹ አማካይ ስህተት) ግን ትንሽ ነው

የ4ኛ ዓመት ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የደብረ ብርሃን አካባቢን የ1:50,000 ቶፖ ካርታ ስካን አድርጌ በኪውጂአይኤስ (የካርታ ሶፍትዌር) ጂኦሪፈረንስ አደረግኩት፤ ማለትም ከመሬት ላይ ቦታው ጋር አያያዝኩት። አራቱ ማዕዘኖች አጠገብ ነጥብ ሰጥቼ ዳብሊውጂኤስ 84፣ ዩቲኤም (በሜትር የሚለካ የካርታ መረብ) ዞን 37 ሰሜን መረጥኩ። አርኤምኤሱ 4 ሜትር ነው። በጂፒኤስ የወሰድኳቸው የመንገድ መገናኛዎች ግን ሁሉም ከካርታው መገናኛዎች በስተሰሜን ምሥራቅ ይወድቃሉ። ነጥብ ልጨምር ወይስ ፖሊኖሚያል 2 (ካርታውን ማጠፍ የሚችል የማስተካከያ ቀመር) ልጠቀም?

ኮንቱር፦
ሁለቱም አይፈቱትም። ስህተቱ በየነጥቡ አንድ አቅጣጫና አንድ መጠን ካለው ዳተሙን (ቁጥሮቹ የሚለኩበትን የምድር መነሻ) ጠርጥር። የካርታውን ኅዳግ አንብበው፤ ክላርክ 1880 (የምድር ቅርጽ ሞዴል)፣ አዲንዳን (የካርታው ዳተም) ይላል። ጂፒኤስህ የሚሰጥህ ዳብሊውጂኤስ 84 ነው። በዚያ አካባቢ የሁለቱ ልዩነት በኢስቲንግ (ወደ ምሥራቅ) 95 ሜትር ገደማ፣ በኖርዚንግ (ወደ ሰሜን) ከ200 ሜትር ትንሽ በላይ ነው፤ ያየኸው ይኸው ነው። አርኤምኤስ የሚለካው ነጥቦችህ ከጻፍካቸው ቁጥሮች ጋር መስማማታቸውን ብቻ ስለሆነ፣ ካርታው እንዳለ ቢንሸራተት አያውቅም።

እንደገና መጀመር የለብህም። ከካርታው ያነበብካቸው ቁጥሮች የአዲንዳን ናቸው፤ የተሳሳተው ስማቸው ነው። በ«አሳይን ፕሮጀክሽን» ፋይሉን ኢፒኤስጂ 20137 (የአዲንዳን ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን መለያ ቁጥር) በለው። ከዚያ በኋላ «ዋርፕ» ተጠቅመህ ወደ 32637 (ዳብሊውጂኤስ 84፣ ያው ዞን) ቀይረው። ቅደም ተከተሉን ብትገለብጥ፣ ማለትም የተሳሳተውን ስም ሳታርም ዋርፕ ብታደርግ፣ ስህተቱ አብሮ ይሄዳል። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፦ ስም መስጠት ቁጥሩን አይነካም፣ ዋርፕ ግን ቁጥሩን ራሱን ይቀይራል።

ትራንስፎርሜሽን (ከአንዱ ዳተም ወደ ሌላው መቀየሪያ) ሲጠይቅህ የኢትዮጵያውን ምረጥ፦ −165፣ −11፣ 206 ሜትር። «ባልፓርክ» የሚለውን ከመረጥክ የዳተም ለውጥ ስለማይሠራ ከ100 ሜትር በላይ ስህተት ይቀራል።

ሰርቬየር፦
በዳተሙ እስማማለሁ። ነጥቦቹ ግን አራት ብቻ መሆናቸው አላስደሰተኝም። ፖሊኖሚያል 1 በ3 ነጥብ ይፈታል፤ በ3 ነጥብ አርኤምኤሱ ምንጊዜም ዜሮ ስለሚሆን ምንም አይነግርህም። በ4 ደግሞ የሚፈትሽህ አንድ ትርፍ ነጥብ ብቻ ነው። ከ9 እስከ 12 የግሪድ መገናኛዎች ወስደህ ከዳር እስከ መሀል በትናቸው፤ ሁለት ሦስቱን ለማረጋገጫ ለይተህ አስቀር።

የካርታው ማዕዘን የኬንትሮስና የኬክሮስ መገናኛ እንጂ የዩቲኤም ግሪድ መገናኛ አይደለም፤ ስለዚህ ሙሉ የኪሎሜትር ቁጥር አትስጠው። ኅዳጉ ላይ ያለውን አጭር ቁጥርም ወደ ሙሉ ሜትር መልሰው፤ ለምሳሌ ኢስቲንግ 558000፣ ኖርዚንግ 1070000።

ስካኑ 300 ዲፒአይ (ነጥብ በኢንች) ከሆነ አንዱ ፒክስል መሬት ላይ 4.2 ሜትር ያህል ነው። ለዚህ ስኬል እስከ 10 ሜትር የሚደርስ አርኤምኤስ ይበቃል፤ ካርታው ላይ 0.2 ሚሊሜትር ነው። ፖሊኖሚያል 2 ቢያንስ 6 ነጥብ ይፈልጋል፤ ወረቀቱ ካልተጨማደደ ወይም ካልተሳበ አትንካው፣ ደህናውን ካርታ ያጣምመዋል።

የ4ኛ ዓመት ተማሪ፦
ወደ 20137 ቀይሬ ዋርፕ አደረግኩት፤ ገጠመ! እግዜር ይስጥልኝ። አንዳንድ መገናኛ ላይ ግን ከ10 እስከ 20 ሜትር ይቀራል።

ኮንቱር፦
እሱን ተወው። ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመንገድ መስመር በ1:50,000 መሬት ላይ 25 ሜትር ይሸፍናል፤ የእጅ ጂፒኤስም የራሱ ጥቂት ሜትሮች አሉት። በሜቶዶሎጂ ምዕራፍህ ዳተሙን፣ ሦስቱን የትራንስፎርሜሽን ቁጥሮችና የማረጋገጫ ነጥቦቹን ስህተት ጻፍ። ጥናትህ ወደ ጅግጅጋ ቢሄድ ዞኑ 38 (ኢፒኤስጂ 20138)፣ ወደ ጋምቤላ ቢሄድ 36 (20136) ይሆናል።