ፓምፑ ሲነሳ የፒኤች ንባቡ ይዘላል፤ ለነገ ጠዋት ነው፣ ድረሱልኝ!

ጠብታ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአርዱዪኖ (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ ሰሌዳ) በራሱ ቲትሬሽን የሚሠራ፣ ማለትም አሲዱ እስኪካካስ ቤዝ እየጨመረ መጠኑን የሚለካ ዕቃ ገጣጥሜያለሁ። ፓምፑ ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱን ጠብ ጠብ ያደርጋል፣ ፕሮቡ ፒኤቹን (የአሲድነቱን ልክ) ያነባል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ኩርባው ይሳላል። ፓምፑ ቆሞ ሳለ ባለ 4 ባፈር (ፒኤቹ የታወቀ ማመሳከሪያ ፈሳሽ) ውስጥ 4.01 ይላል። ልክ ሲነሳ ግን ወደ 3 ይወርዳል! ሲቆም ይመለሳል። ነገ ጠዋት ተማሪዎች ፊት ላሳየው ነው። ምን ላድርግ?

ባለ4ባፈር፦
ወንድሜ፣ ካሊብሬት አድርገው፣ ንባቡን በባፈር አስተካክል።

ጠብታ፦
እህትህ ነኝ። በ4ም በ7ም አድርጌያለሁ። ፓምፑ ሲቆም እኮ ልክ ነው።

ሊቁ፦
መሠረቱን ካልተረዳችሁ መፍትሔ አይገኝም። የፒኤች ኤሌክትሮድ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ለአንድ ፒኤች 59 ሚሊቮልት ገደማ ነው የሚሰጠው። ፒኤች 7 ላይ ዜሮ፣ አሲድ ውስጥ ፖዘቲቭ፣ ቤዝ ውስጥ ኔጋቲቭ። የብርጭቆው ሬዚስታንስ ደግሞ በመቶ ሚሊዮን ኦም የሚቆጠር ስለሆነ ተራ ቮልትሜትር ቢሰኩበት ቮልቴጁ ይሞታል። አርኖልድ ቤክማን በ1934 የሎሚ ጭማቂን አሲድነት የሚለካ መሣሪያ ሲሠራ የቫኪዩም ቱብ ማጉያ የጨመረበት ለዚሁ ነው። ዛሬ በፕሮቡና በአርዱዪኖው መካከል ያለችው ትንሿ ሞጁል ላይ ያለው ኦፕአምፕ (የማጉያ ቺፕ) የቱቡን ሥራ ይሠራል። ከዚያ በፊት የፒኤችን ስኬል ያወጣው ሶረንሰን በ1909...

ሽቦ በጣሽ፦
ሊቁ፣ ነገ ጠዋት ነው ያለችው። 1909 ላይ ስንደርስ ይነጋል 😂

ቡሬት ወዳድ፦
ይቅርታ ግን ይህ ሁሉ ሽቦ ለምን አስፈለገ? ቡሬት (ጠብ ጠብ የሚያደርግ የመስታወት መለኪያ ቱቦ)፣ ሦስት ጠብታ ፊኖልፍታሊን (ቤዝ ሲያገኝ ሮዝ የሚሆን ጠቋሚ)፣ ሮዝ ሲሆን ማቆም። አለቀ። ተማሪ እጁን ይለማመድ እንጂ ፓምፕ ሲያይ ምን ይማራል?

ጠብታ፦
የምንለካው ጥቁር ቀይ ጭማቂ ነው። ሮዙን በምን ዓይን ይዩት?

ቡሬት ወዳድ፦
ውሃ ጨምሮ ማቅጠን ይቻላል። ለማንኛውም በሐሳቤ እጸናለሁ።

ፊውዝ፦
ጠብታ፣ አንድ ነገር አልነገርሽንም። ፓምፑ ኃይል የሚያገኘው ከየት ነው?

ጠብታ፦
ከአርዱዪኖው 5 ቮልት፣ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ በሚሠራ ትራንዚስተር በኩል። አርዱዪኖው ላፕቶፕ ላይ ነው የተሰካው። ምነው?

ፊውዝ፦
ጠርጥሬ ነበር። መጀመሪያ ጥፋቱን እንለየው። ፕሮቡን ከሞጁሉ ንቀይና የቢኤንሲ መሰኪያውን (ፕሮቡ የተሰካበትን ክብ ብረት) የመሐል ቀዳዳ ከውጭው ብረት ጋር በቁራጭ ሽቦ አገናኚው። ዜሮ ሚሊቮልት ስለሚሆን 7 አካባቢ ረግቶ መቆም አለበት። ከዚያ ፓምፑን አስነሺ። ያኔም ከዘለለ ፕሮቡም ባፈሩም ነፃ ናቸው። ካልዘለለ ግን ጣጣው በፈሳሹ በኩል ነው የሚመጣው።

ባለ4ባፈር፦
አዲስ ባፈር ገዝታ ካሊብሬት ብታደርገው ይስተካከላል እያልኩ ነው።

ጠብታ፦
ፊውዝ፣ ሞከርኩት! ፕሮብ ሳይኖር ከ7 ወደ 6 ወረደ!

ፊውዝ፦
በቃ፣ ኬሚስትሪሽ ደህና ነው። አርዱዪኖ ዝም ካሉት የሚለካው በራሱ 5 ቮልት እያመሳከረ ነው። ሜትሩ ራሱ ቢያጥር ጨርቁ የረዘመ ይመስላል አይደል? ፓምፑ ኃይል ሲስብ 5 ቮልቱ ወደ 4.7 ወረደ እንበል። ኮድሽ ግን አሁንም 5 ነው ብሎ ያባዛል። ሞጁሉ የሰጠው 3 ቮልት 3.2 ገደማ ሆኖ ይነበባል። በብዙዎቹ ሞጁሎች ቮልቴጁ ሲጨምር ፒኤቹ ስለሚቀንስ ነው ወደ አሲድ የሚዘልብሽ።
ለዛሬ ማታ፦ ለፓምፑ የራሱን አዳፕተር ስጪው፣ ቮልቴጁ ከፓምፑ ጋር የሚስማማ ይሁን። የሁለቱን ግራውንድ (ኔጋቲቭ መስመር) አገናኚ፣ ያለዚያ ትራንዚስተሩ አይሠራም። የፓምፑ ሞተር ጫፎች ላይ ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ከሌለ አሁኑኑ ግጠሚ፣ ዳዮዱ ላይ ያለው ነጩ መስመር ወደ ፖዘቲቭ።

ሽቦ በጣሽ፦
ዳዮዱን ገልብጣችሁ እንዳትገጥሙ። ጭስ የሚያወጣ ቲትሬሽን አይቻለሁ 🙈

ሞላር፦
አዳፕተር ባይገኝም በኮድ መውጣት ይቻላል። ፓምፑ ትንሽ ይጨምር፣ ይቁም፣ ጥቂት ሰከንድ ጠብቂ፣ ከዚያ ደጋግመሽ አንብቢና ሚዲያኑን (በቅደም ተከተል መሐል ላይ የሚውለውን ንባብ) ውሰጂ። በኬሚስትሪም ትክክሉ ይሄ ነው። ፈሳሹ ሳይደባለቅ፣ ኤሌክትሮዱ ሳይረጋ የተነበበ ቁጥር ምን ይረባል? እኩል ነጥቡ (ቤዙ አሲዱን ልክ የሚያካክስበት) አካባቢ ደግሞ መጠኑን አሳንሺ፣ እዚያ አንድ ጠብታም ፒኤቹን ታስፈነጥረዋለች።

ዲጂታል፦
ኤዲኤስ 1115 (ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚቀይር ቺፕ) ጨምሪ። 16 ቢት ነው፣ የራሱ ሪፈረንስ (ማመሳከሪያ ቮልቴጅ) አለው። አርዱዪኖ ኡኖ እኮ 10 ቢት ብቻ ነው፣ አንዷ እርምጃ 4.9 ሚሊቮልት ናት።

ፊውዝ፦
ጥሩ ነው፣ ግን ብቻውን አያድናትም። ሞጁሉ ራሱ ከዚያው 5 ቮልት ነው የሚመገበው፤ በብዙዎቹ ላይ የመሐል ነጥቡም (ፒኤች 7 ላይ የሚሰጠው ቮልቴጅ) አብሮ ይንሸራተታል። መጀመሪያ ፓምፑ ይለይ።

ዲጂታል፦
አልስማማም፣ ግን ይሁን።

አዲስ ገቢ፦
ሳልረብሽ፣ የኔም እንደዚሁ ይዘላል። ፓምፕ ግን የለኝም፣ ማግኔት ማማሰያ ነው ያለኝ። ፕሮቡንም በተጣራ ውሃ ውስጥ ነው የማስቀምጠው።

ሞላር፦
ከተጣራ ውሃው አሁኑኑ አውጣው፣ ኤሌክትሮዱን ይገድለዋል። 3 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ ይደር። ለማማሰያው የፊውዝን የሽቦ ሙከራ አድርግና ውጤቱን ጻፍልን። ፕሮቡንም ከፍ አድርገህ እሰረው፣ ማግኔቷ የብርጭቆውን ጫፍ ከመታችው ሌላ ፕሮብ ልትገዛ ነው።