ለንብረት ታክስ ግምት ቅሬታ የምናስገባው የጋራ ሐሳብ (ደሴ፣ ከጦሳ ሥር ያለን ባለይዞታዎች)

ጸሐፊ፦ ሰላም ጀመዓ። ለቅሬታ ሰሚው የምናስገባው ረቂቅ ደርሷችኋል። መነሻው «ታክሱ ከአቅማችን በላይ ስለሆነ ይቀነስልን» ይላል። እርማት ያለው እስከ ዓርብ ይጻፍ።

መሐንዲስ፦ እቴ፣ መነሻው ይውጣ። በ2017 የወጣው የንብረት ታክስ አዋጅ ለቤት ከ0.1 እስከ 1 በመቶ፣ ለቦታ መጠቀሚያ ከ0.2 እስከ 1 በመቶ ምጣኔ አስቀምጧል፤ የሚሰላውም ከዋጋው 25 በመቶ ላይ ነው። ቅሬታ ሰሚው ቢያዝንልንም ምጣኔ መቀየር አይችልም። ማረም የሚችለው ስፋትን፣ የግንባታ ዓይነትንና የቦታ ደረጃን (ቦታው ለግምት የተመደበበትን እርከን) ነው። 2 ሚሊዮን ብር የተገመተ ቤት 1.5 ሚሊዮን እንደሚያወጣ ካሳየን፣ ታክስ የሚሰላበት ገንዘብ ከ500,000 ወደ 375,000 ይወርዳል። ምጣኔው የትኛውም ይሁን፣ ታክሱ በሩብ ይቀንሳል።

ከስፋት እንጀምር። ልኬቱ ከአየር ላይ ከተነሣ ምስል ከተወሰደ የሚታየው ቆርቆሮው እንጂ ግድግዳው አይደለም። ግድግዳው 8 በ10 ሜትር የሆነ ቤት 80 ካሬ ነው። ቆርቆሮው በየጎኑ 60 ሳንቲ ወጣ ካለ 9.2 በ11.2 ይሆንና 103 ካሬ ተብሎ ይመዘገባል። 23 ካሬ ለዝናብ መከላከያ ልንከፍል ነው! ሜትሩን ሁለት ሰው ይያዝ፤ ከውጭው የግድግዳ ማዕዘን እስከ ማዕዘን፣ ከዚያም ሁለቱን ሰያፎች (ከማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን) ለኩ። ሰያፎቹ እኩል ካልመጡ ቤቱ ጠማማ ነው፤ ቁመት በወርድ ማባዛት ያሳስታል።

የሸዋ በር ተወካይ፦ እኛ ጋ የበዛው ሌላ ነው። ፊቱን ብቻ በብሎኬት ያደሰ ሁሉ ሙሉ ቤቱ ብሎኬት ተብሏል። ጎንና ጀርባው ጭቃ ነው፤ ግን በሲሚንቶ ስለተለሰነ ማን ያምነናል?

መሐንዲስ፦ አብሽሩ። ልስን ከኮርኒስ በላይ ብዙ ጊዜ አይደርስም። ኮርኒሱን ከፍታችሁ ማገሩና ጭቃው ባዶውን የሚታይበትን ቦታ ፎቶ አንሡ፤ ቀጥሎ ያው ግድግዳ ከውጭ እንዴት እንደሚታይ አንድ ጨምሩ። አንዱ ያለ ሌላው አያሳምንም፤ ከኮርኒስ በላይ ያለው ፎቶ ብቻውን የማንም ቤት ሊሆን ይችላል።

ሂሳብ ያዥ፦ 21 ቀን አለን የሚል ሰው ሰምቻለሁ። 21 ቀን በአዋጅ 983/2008 ለፌዴራል ግብሮች የተቀመጠ የቅሬታ ጊዜ ነው። እኛ የምንይዘው በየደረሳችሁ የግምት ማስታወቂያ ላይ የተጻፈውን የቅሬታ ቀን ነው። ማስታወቂያውን ተከራይ ተቀብሎ ከሆነ የተቀበለበትን ቀን ከፈረመበት ወረቀት ላይ አረጋግጡ። ቅሬታው በሦስት ቅጂ ይሁን፤ መዝገብ ቤት ገቢ ተደርጎ ቁጥርና ማኅተም ያለበትን አንዱን ሳትይዙ አትውጡ። የማንከራከርበትን ገንዘብ በጊዜው እንክፈል፣ ቅጣት እንዳይጨመርብን።

ጸሐፊ፦ እንግዲያ ስፋትና ግድግዳ የየቤቱ ጉዳይ ከሆነ የጋራው ሐሳብ ምን ይቀረዋል?

መሐንዲስ፦ የቦታው ደረጃ። ዋናውም እሱ ነው። ደሴ መሬቷ እንደሚንሸራተት ያልታወቀ ነገር አይደለም፤ ዳገት ላይ ያለን ግን አስፋልት ዳር ካሉት ጋር በአንድ ደረጃ ተመድበናል። ካርታው 10 በ25፣ 250 ካሬ ይላል እንበል። የታችኛው 6 ሜትር ከድጋፍ ግንቡ በታች ወደ ገደሉ ከወረደ 60 ካሬው ቤት አይሠራበትም። ለእያንዳንዱ ግቢ የጎን ንድፍ እሠራለሁ፤ የግንቡን ከፍታ ለክታችሁ አምጡልኝ።

ብርቱ ማሳሰቢያ፦ «ቦታዬ 190 ካሬ ነው» ብሎ የሚጽፍ እንዳይኖር። ይዞታው እንዲታረም የጠየቀ መስሎ ካርታውን ሊያስቀንስ ይችላል። «ካርታዬ 250 ነው፤ ከዚህ 60ው ለግንባታ አይሆንም፤ ደረጃው ይታይልኝ» በሉ። ግንቡም እንደ ቤት መገመት የለበትም፤ መሬቱ እንዳይሄድ የወጣ ወጪ ነው።

የሸዋ በር ተወካይ፦ ካርታ ላይ ያልሰፈረ ሰርቪስ ያላቸውስ?

መሐንዲስ፦ ቀድመው ያስመዝግቡ። ለልኬት የሚመጣው ባለሙያ ሰርቪሱንም ያየዋል፤ ያኔ የደበቀ አንድ ሰው ለሁላችን ቃል መታመን ያሳጣል።

ጸሐፊ፦ መነሻውን እንዲህ ቀይሬዋለሁ፦ «የቦታችን ደረጃ ተዳፋቱንና የመንሸራተት አደጋውን አይቶ ዳግም እንዲወሰን፣ ለዚህም ባለሙያ ቦታው ድረስ እንዲመጣ እንጠይቃለን። የየቤቱ ልኬትና ፎቶ በአባሪ ተያይዟል።» የግንብ ልኬት እስከ ረቡዕ ይድረሰኝ።