እግሬ ደንዝዟል፣ አሁን እጄንም ጀመረኝ፤ ልሩጥ ወይስ ቀጠሮዬን ልጠብቅ?

ካልሲ_የለኝም፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ግራ እግሬ ከጣቶቹ ጀምሮ ሲደነዝዝ ቆይቷል፤ ባዶ እግሬን ሆኜ ካልሲ ያደረግኩ ይመስለኛል። ቀጥሎ ቀኙ። ዛሬ ማታ ደግሞ እጄን መርፌ መርፌ ይለኛል። ዓይኔም ይርገበገባል። ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ የውስጥ አካል ምስል) ተነስቻለሁ፣ የነርቭ ሐኪሙ ቀጠሮ ግን ገና ነው። ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ወይ መልቲፕል ስክለሮሲስ (የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ነርቮች ሽፋን የሚጎዳበት በሽታ) ወይ ኤኤልኤስ (ጡንቻን የሚያንቀሳቅሱ ነርቮች የሚሞቱበት በሽታ) ይላል። እንቅልፍ የሚባል የለም።

ብርቱው፦ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ነው። ቢ12 ተወጋ፣ ይለቅሃል። እኔንም እንዲሁ አድርጎኝ ነበር።

አዋቂ_ነኝ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንረዳ። የነርቭ ሥርዓት በሁለት ይከፈላል፦ አንጎልና ህብለ ሰረሰር አንድ ወገን፣ ከእነሱ ወጥተው ወደ እጅና እግር የሚሄዱት ደግሞ ሌላ ወገን። የተነሳኸው ኤምአርአይ የአንጎልና የጀርባ ከሆነ የመጀመሪያውን ወገን ነው የሚያሳየው። እግር ጣት ድረስ የሚወርዱትን ቀጫጭን ነርቮች አያይልህም፤ ለእነሱ በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚደረግ የነርቭ ምርመራ አለ። እንግዲህ ህብለ ሰረሰር ስንል...

ሳቂታ፦ መጨረሻ ላይ ፈተና አለው እንዴ?

ነገረኛ፦ ኤኤልኤስ ማን አለህ? ኤኤልኤስ ጡንቻ ያዝላል እንጂ በአብዛኛው አያደነዝዝም። አንተ የምታወራው ስለ ስሜት ነው። ጉልበትህስ? በተረከዝህ ቆመህ መራመድ ትችላለህ? የሸሚዝ ቁልፍ ትቆልፋለህ? ሰው ጉግልን ሲጠይቅ ከሁሉ የከፋውን መርጦ ነው የሚያነበው።

ካልሲ_የለኝም፦ እህትህ ነኝ። አሁን ሞከርኩት፣ በተረከዜም በጣቴም እራመዳለሁ። ቁልፍም እቆልፋለሁ። ግን ይነዝረኛል እኮ!

ብርቱው፦ ቢ12 ብያለሁ።

ነርሷ፦ እህቴ፣ የነርቭ ክፍል ነርስ ነኝ። አሁኑኑ የሚያስሮጠውን ላስቀድም። ፊት ድንገት ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ ክንድ ከዛለ፣ ንግግር ከተሳሰረ ስትሮክ ሊሆን ይችላል፤ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ከእግር ወደ ላይ የሚወጣ መዛል፣ ይልቁንም ትንፋሽ ካጠረ፤ ሽንት አልያዝ ካለ ወይም አልወጣ ካለ፤ በጭኖችሽ መካከል ከደነዘዘ፦ ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ ስልኩን አስቀምጪና ሂጂ። ከሌለ ደግሞ ንገሪኝ፣ ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ?

ካልሲ_የለኝም፦ ካልሽው አንዱም የለም። መድኃኒት ምንም አልወስድም። የስኳሩን ብቻ፣ ሜትፎርሚን፣ እሱማ ድሮ የጀመርኩት ነው።

ሳቂታ፦ «ምንም»! ሃሃሃ። ይሄን ጉድ እስካሁን ደብቀሽ!

ነርሷ፦ ሳቂታ፣ ተዋት፤ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚመልሰው። ስኳር ረጃጅሞቹን ነርቮች ቀድሞ ይጎዳል፣ ለዚህ ነው እንደ ካልሲ ከእግር ጣት የሚጀምረው። ሜትፎርሚን ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቢ12ን ሊያሳንስ ይችላል። ስለዚህ ብርቱው ልክ ሊሆን ይችላል፣ ግን ደም ሳትሰጪ እንዳትወጊ፤ ቀድመሽ ከተወጋሽ ምርመራው እጥረቱን ላያሳይ ይችላል። ክኒኑንም በራስሽ አታቁሚ። እጅሽ ላይ የትኞቹ ጣቶች ናቸው? ከአውራ ጣት እስከ መሃል ጣት ከሆነ አንጓሽ ላይ የተጫነ ነርቭ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም እጅና ከንፈር አንድ ላይ ከሆነ ደግሞ በጭንቀት ቶሎ ቶሎ መተንፈስም ያመጣዋል። የዓይኑ መርገብገብ እንቅልፍ ያጣ ሰው ላይ የተለመደ ነው።

ነገ ጠዋት ቀጠሮ የያዝሽበት ቦታ ደውዪና «ምልክቱ ወደ እጄ ወጥቷል» በያቸው፤ እንደዚያ ሲባሉ ቀጠሮ ሊያስጠጉልሽ ይችላሉ። ዛሬ ማታ ድንዛዜው የሚያልቅበትን ቦታ ቆዳሽ ላይ በእስክሪብቶ አስምሪና ፎቶ አንሺው። ለሐኪሙ «እየጨመረ ነው» ከማለት ያ መስመር ይበልጣል። ሌሊት መዛል ከተጨመረበት ጠዋትን አትጠብቂ።

ነገረኛ፦ መልቲፕል ስክለሮሲስን ግን በባዶ ሜዳ አታስወጡት፤ ኤምአርአዩ የታዘዘው ለምክንያት ነው።

ነርሷ፦ ማንም አላስወጣም። ውጤቱን የሚያነበው ሐኪሟ ነው።

ካልሲ_የለኝም፦ የቀለበት ጣቴ ግማሹ ብቻ፣ ከዚያ ወደ አውራ ጣት። እስክሪብቶ ልፈልግ።

አዲስ_ገቢ፦ ጠያቂዋን ይቅርታ፣ የእኔም ዓይን ሰሞኑን ይርገበገባል፣ ቢ12 ልወጋ?

ነርሷ፦ ለብቻው ጠይቅ። ዕድሜህንና የምትወስደውን ሁሉ ግን መጀመሪያ ጻፍ።