የሕፃናት ማቆያ የበዓል ስጦታ ልውውጥን እንዴት ላስተባብር?

ጥያቄ (አስተባባሪዋ እናት)፦
ሰላም እናቶችና አባቶች። ልጄ በምትውልበት ሕፃናት ማቆያ ለበዓል ልጆቹ ስጦታ ይለዋወጡ ተባለ። ማን ያስተባብር ሲባል ሁሉም ዝም፤ እኔ ጉሮሮዬን ስጠርግ ተመረጥኩ።

በክፍሉ 14 ልጆች አሉ። ትንሹ ዓመት ከመንፈቁ ነው፣ ትልቋ አራት ልትሞላ ነው። ያሰብኩት ዕጣ ነው። የልጆቹን ስም በወረቀት ጽፈን እያንዳንዱ ወላጅ አንድ ያወጣል፤ ለደረሰው ልጅ ስጦታ ገዝቶ ይመጣል። ግን ጥርጣሬ ገባኝ። አንዱ ውድ፣ ሌላው ርካሽ ቢያመጣስ? የሚረሳ ወላጅ አይጠፋም፤ በዕጣ የደረሰው ልጅ ባዶ እጁን ሊቀር ነው? በዓሉን የማያከብሩ ቤተሰቦችም አሉ። እንዲህ ያለ ነገር የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

መልስ (የሕፃናት ሞግዚት)፦
እህቴ፣ ዕጣውን ተይው። ዕጣ ለአዋቂ ነው የሚያምረው። እኛ ክፍል እንዲሁ ተደርጎ ነበር። ሁለት ዓመት ተኩል የሆነው ልጅ መኪና ደረሰው። ወረቀቱን ቀዶ መኪናዋን አወጣና ገና መሬት ሳያስነካት ዓይኑ አጠገቡ ያለችው ልጅ ከበሮ ላይ ተተከለ። መኪናዋን ጥሎ ከበሮውን ያዘ። እሷም አለቀቀችም። ከዚያ በኋላ ክፍሉ በሙሉ ለቅሶ ሆነ፤ ምን እንዳስለቀሳቸው የማያውቁት ሁሉ አለቀሱ።

ልጆቹ ጥጋበኞች ሆነው አይደለም። በዚህ ዕድሜ «የእኔ» የሚለውን ገና እየተማሩት ነው። ያገኙትን ነገር ወዲያው ለሌላ ስጡ ማለት ይከብዳቸዋል።

ስለዚህ ምክሬ መዋጮ ነው። ሁሉም እኩል ያዋጣ፤ አንድ ሰው ለሁሉም አንድ ዓይነት ዕቃ ይግዛ። ቀለሙም ጭምር አንድ ይሁን! ቀይና ሰማያዊ ኳስ አቅርቦ ሰላም የሚጠብቅ ሰው ሕፃን አይቶ አያውቅም።

መልስ (አንድ አባት)፦
አንድ ዓይነት ዕቃ ለሁሉም ከታደለማ ልውውጡ የቱ ጋ ነው? ያ እደላ ነው። ልጄ ለጓደኛው የሆነ ነገር በእጁ እንዲሰጥ እፈልጋለሁ። እኔ የምለው መጽሐፍ ይሁን። ሁሉም አንድ አንድ የሕፃናት መጽሐፍ ያምጣ፤ ቤት ያለ፣ በደንብ የተያዘ አሮጌም ቢሆን ይፈቀድ። እንዲህ ከሆነ ውድና ርካሽ የሚባል ነገር ራሱ ይጠፋል።

መልስ (የሕፃናት ሞግዚት)፦
ወንድሜ፣ ለሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት ሐሳብህ ግሩም ነው። ዓመት ከመንፈቁ ያለው ግን መጽሐፉን ሰጥቶ ወዲያው ይነጥቃል። ሁለቱን እናስታርቃቸው። በመዋጮ የተገዛው አንድ ዓይነት ዕቃ በወረቀት ከረጢት ይግባ። ከረጢቱን እያንዳንዱ ልጅ አስቀድሞ በቀለም ይሞነጫጭርበት። በዕለቱ የሞነጫጨረውን ከረጢት ይዞ ለጓደኛው ያቀብላል። ውስጡ እኩል ነው፤ ላዩ ግን የሰጪው ነው። ማን ለማን እንደሚሰጥ እኛ ሞግዚቶች ቀድመን እንጽፋለን። አንዱ ልጅ ሁለት፣ ሌላው ምንም እንዳያገኝ።

አንድ አባት፦
ይሄ ተመችቶኛል።

መልስ (የመንታ እናት)፦
ከምሳ በኋላ እንዳታደርጉት! የቀን እንቅልፍ ያልተኛ ሕፃንና ስጦታ አብረው አይሄዱም። ጠዋት፣ ቁርስ በልተው ሆዳቸው ሲሞላ።

መልስ (የልጆች ነርስ)፦
ስለ ዕቃው ደኅንነት ማንም ስላላነሳ ትንሽ ላስረዝም። ክፍሉ ውስጥ ከ3 ዓመት በታች ልጅ ካለ ስጦታው ሁሉ በእሱ ልክ ይመረጥ። ትልቋ የያዘችው ነገር ብዙም ሳይቆይ ትንሹ አፍ ውስጥ ነው።

ቀላል መፈተኛ አለ። ሶፍት ሲያልቅ መሃል ላይ የሚቀረውን ካርቶን ያዢ። ዕቃው፣ ወይም ከዕቃው ሊነቀል የሚችል ነገር፣ በካርቶኑ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ ሊያንቅ ይችላል፤ ይቅር። የአሻንጉሊት ዓይን፣ የመኪና ጎማ፣ ቁልፍ፣ ሁሉንም በጣትሽ ሳብ አድርገሽ እዪ። ማሸጊያው ላይ 0-3 ተብሎ የሕፃን ፊት በቀይ የተሰረዘበት ምልክት ካለ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ የምፈራው የሰዓት ባትሪ የምንላትን ክብና ጠፍጣፋ ባትሪ ነው። በሚያበሩና በሚዘፍኑ ትንንሽ መጫወቻዎች ውስጥ አለች። ሕፃን ውጧት ጉሮሮው ላይ ከተቀረቀረች በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ልታደርስ ትችላለች። ዋጣት ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፤ በቀጥታ ሆስፒታል። እንደኔ እንደኔ ባትሪ ያለው ነገር ጨርሶ ባይገዛ ይሻላል፤ ሞግዚቶቹም ከዘፈኑ ይገላገላሉ። ትንንሽ ጠንካራ ማግኔትም አይሆንም። ሁለት ከተዋጡ ሆድ ውስጥ ተሳስበው አንጀት ሊበሱ ይችላሉ። ፊኛ ለጌጥ እንኳን አትስቀሉ፤ የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል። ከረጢቱን በረጅም ሪባን አትሰሩ፤ አንገት ላይ ይጠመጠማል።

አለርጂም አለ። ለምሳሌ እንደ ሊጥ የሚድቦለቦለው መጫወቻ ብዙ ጊዜ ስንዴ አለበት። ከመግዛትሽ በፊት ወላጆችን ጠይቂ። የሚበላ ነገር ግን ባይገባ ነው የሚሻለው።

አስተባባሪዋ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ። የፀጉር ጌጥ ልገዛ ነበር፤ ቀረ። ኳስ ብገዛስ?

የልጆች ነርስ፦
ሕፃኑ በሁለት እጁ የሚያቅፈው ትልቅና ለስላሳ ኳስ ከሆነ ጥሩ ነው። ገጹ ጠንካራ ካርቶን የሆነ የሕፃናት መጽሐፍም ጥሩ ነው።

መልስ (በዓሉን የማናከብር ቤተሰብ)፦
እኔ ከዚያኛው ወገን ነኝና የሚሰማንን ልንገርሽ። የከፋኝ በዓሉ መከበሩ ሳይሆን በቡድኑ ፊት «እናንተስ ትሳተፋላችሁ?» ተብዬ መጠየቄ ነው። ሌላ አስተባባሪ ደግሞ ቀደም ብላ በግሌ ጻፈችልኝ። ስጦታው ብቻ ከሆነ፣ የበዓሉ መዝሙርና ጌጥ ከሌለበት፣ ደስ እያለን እንሳተፋለን አልኳት። ሌላ ቤተሰብ ጨርሶ አንፈልግም ሊል ይችላል። ያን ጊዜ የዕለቱን ሰዓት ንገሪያቸውና ልጁን ዘግይተው ያምጡት። ልጁን ክፍሉ ውስጥ አስቀምጦ ማለፍ ግን ነውር ነው።

መልስ (የመንታ እናት)፦
መዋጮውን በተመለከተ፣ ማን ከፈለ ማን አልከፈለ የሚል ዝርዝር ቡድኑ ላይ እንዳትለጥፊ። አቅም የሚያጥረው አለ። መጠኑን ዝቅ አድርጊና ገንዘቡ በፖስታ ለማቆያው ኃላፊ ይሰጥ። ከጎደለ የቻልን እንሞላለን። ሁለት ትርፍ ስጦታም ግዢ፤ በዚያው ሳምንት አዲስ ልጅ ሊገባ ይችላል።

አስተባባሪዋ እናት፦
እሺ፣ ዕጣው ቀርቷል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ኳስ፣ ልጆቹ የሞነጫጨሩበት ከረጢት፣ ጠዋት። የማያከብሩትን ዛሬ ማታ በግል እጽፍላቸዋለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ። በዕለቱ የታመመ ልጅ ቢቀርስ? የሚሰጠውም የሚቀበለውም ሊጎድል ነው።

መልስ (የሕፃናት ሞግዚት)፦
ከረጢቱን ያለ እሱ እኛ እናቀብልለታለን፤ ተቀባዩ አይጎድልም። ለእሱ የሚሰጠውን ከረጢት ደግሞ ስሙን ጽፈንበት መደርደሪያ ላይ እናስቀምጥለትና ሲመጣ ሊሰጠው የነበረው ጓደኛው በእጁ ይሰጠዋል። ቤቱ አትላኪበት፤ ልጆቹ ማቀበሉን ይወዱታል። ከረጢቶቹን ደግሞ ከሳምንቱ መጀመሪያ አምጪልን። ለ14 ልጅ ቀለም በአንድ ጠዋት አይዳረስም፤ ግድግዳውም አይተርፍም።